የሊቀመንበሩ ሲኒ

እህቴ የምትኖረው ለንደን ነው። ልጇ ተወልዶ ያደገው እዚያው ቢሆንም አማርኛው አያሳፍርም። በአንድ የእረፍት ጊዜው አዲስ አበባ መጥቶ፣ አሁን እኔ በምኖርባት በእናቴ ቤት ሰነበተ። አንድ ማታ ቡና ጠጥተን እንደጨረስን ስልኩን ከፊቴ ደቀነና፣ «ጋሼ፣ ይቺን እያት፤ ትስቃለህ» አለኝ።

የእንግሊዞች የቴሌቪዥን ኮሜዲ ነው። ገና ከመጀመሪያው ጆሮዬን የያዘው የተመልካቹ ሳቅ ነበር። አንድ ሳሎን ይታያል። በሩ ይከፈትና ባል ከሥራ ይገባል፤ ተመልካቹ በጭብጨባ ይቀበለዋል። ባልየው ዞር ሲል ያቺ ከአፍንጫ ሥር የተቆረጠች ሪዝ ትታያለች፤ አዶልፍ ሂትለር ነው። የቤቱ እመቤት ኤቫ ብራውን ናት። ግድግዳ የሚጋሯቸው ጎረቤቶች ደግሞ አርኒና ሮዛ ጎልደንስታይን የሚባሉ አይሁዳውያን ባልና ሚስት ናቸው። ጎረቤቶቹ ሳያንኳኩ ዘው ብለው በገቡ ቁጥር ሂትለር ይበግናል፤ ተመልካቹ ይንከተከታል።

እውነቱን ልናገር፤ እኔም አንድ ጊዜ ሳቅሁ። ወዲያው ግን ሳቄ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። እዚያችው እኛ በተቀመጥንባት ክፍል ሳያንኳኳ ይገባ የነበረ ሌላ ሰው ትዝ አለኝ።

የእሱን ነገር ከማንሣቴ በፊት ስለ ድራማው ትንሽ ላውጋችሁ። (የውጭውን ታሪክ በፈረንጆቹ፣ የቤታችንን ታሪክ በእኛው አቆጣጠር እጽፋለሁ።) «ሃይል ሃኒ፣ አይም ሆም» ይባላል። በ1950ዎቹ የአሜሪካ የቤተሰብ ኮሜዲዎች ባል ከሥራ ሲመለስ «ማሬ፣ መጣሁ!» እያለ ይገባ ነበር፤ ከዚያች አባባል ፊት የናዚዎቹን ሰላምታ ገትረውባት ርእስ አደረጓት። ደራሲው ጄፍ አትኪንሰን ነው። ድራማውን ያቀረበው የእነ «አይ ላቭ ሉሲ» ዘመድ የሆነ፣ ጠፍቶ ኖሮ በቅርቡ የተገኘ የአሜሪካ ሥራ አስመስሎ ነው። ቦታው በርሊን፣ ዘመኑ 1938 ነው። የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ኔቪል ቼምበርሌን ሂትለር ቤት በእንግድነት ሊመጣ ነው። ሂትለር ጎረቤቶቹ እንዳያሳፍሩት ዝር እንዳይሉበት ይፈልጋል፤ ወሬው ግን ሮዛ ጆሮ ይደርሳል። ሮዛ ደግሞ ለዘመዷ ልጅ ባል ፈላጊ ናትና እንግዳውን ታጭበታለች። ከዚያ ወዲያ ያለው ጎረቤቶቹን አስክሮ ለማሰናበት የሚደረግ ግርግር ነው።

ድራማው የታየው በሴፕቴምበር 30 ቀን 1990 ነበር። ያቀረበው በዚያው ዓመት የጸደይ ወራት ሥራ የጀመረው የብሪቲሽ ሳተላይት ብሮድካስቲንግ ጋላክሲ የተባለው ጣቢያ ነው። ኩባንያው በገንዘብ ተዳክሞ ስለ ነበር በኖቬምበር ከተቀናቃኙ ከስካይ ጋር ተቀላቀለ፤ ተዋጠ ቢባል ይቀላል። አዲሶቹ ባለቤቶች ድራማውን አስቆሙት። የተቀረጹት ሌሎች ክፍሎች ለሕዝብ ሳይታዩ ቀሩ። ዕድሜው አንዲት ማታ ብቻ ሆነ።

ቁጣው ግን ከዕድሜው በለጠ። የእንግሊዝ አይሁዳውያን ማኅበረሰብ ወኪሎች ነውር ነው አሉ። ደራሲው በበኩሉ ዓላማው ማስደንገጥ እንዳልነበር፣ ሊያሳይ የፈለገው በ1938 ሂትለርን ለማባበል ሲደረግ የነበረውን ሽር ጉድ እንደ ሆነ ተናገረ። ከተዋንያኑ አብዛኞቹ አይሁዳውያን እንደ ነበሩና እነሱም ሐሳቡን እንዳልተጸየፉት ገለጸ። ስላቁ እንዳሰበው ለተመልካች እንዳልደረሰ ግን ራሱም አምኗል።

ልጁ ይህን ሁሉ ከስልኩ እያነበበ ከነገረኝ በኋላ፣ «ታዲያ ምኑ ነው ነውሩ?» ሲል ጠየቀኝ። «በሂትለር መሳቅ ክልክል ነው እንዴ?»

ክልክልስ አይደለም። ቻርሊ ቻፕሊን በ1940 «ታላቁ አምባገነን» በተባለው ፊልሙ ስቆበታል። ሙሶሊኒንም አልማረውም፤ ሁለቱን አምባገነኖች ጸጉር አስተካካይ ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ እኔ ከፍ ልበል እኔ ከፍ ልበል እያሉ ወንበራቸውን ወደ ጣሪያው ሲያስወነጭፉ ያሳያቸዋል። የእኛ አባቶች አገራቸው ገና በፋሺስት እጅ እያለች ነው ያ ፊልም የተሠራው። ይሁንና ቻፕሊን በ1964 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ፣ በማጎሪያ ካምፖች ይፈጸም የነበረውን ግፍ በጊዜው ቢያውቅ ኖሮ ፊልሙን ሊሠራው እንደማይችል ጽፏል። ሲስቅ የነበረው ሳያውቅ ነው። የ1990ዎቹ ሳቂዎች ግን ሁሉንም ያውቃሉ።

ማወቅ ብቻውን ደግሞ ሳቅን አይከለክልም። እንግሊዞቹ ራሳቸው ከ1968 እስከ 1977 «ዳድስ አርሚ» በተባለ ተከታታይ ድራማ፣ ሰፈራቸውን ከጀርመን እንጠብቃለን ብለው የተሰለፉ ሽማግሌዎችን አሳይተው አገር አስቀዋል። እዚያ የሚሳቀው በጠላት ብቻ ሳይሆን በገዛ ራስ ነው። ሂትለር በሳተላይት ከመምጣቱ አንድ ዓመት በፊት፣ በ1989፣ «ብላክአደር ጎዝ ፎርዝ» የተባለው ኮሜዲ አንደኛውን የዓለም ጦርነት ከምሽግ ውስጥ ሆኖ አሳየ። ስድስት ክፍል ነው። ከስድስቱ አብዛኛውን ሰዓት ስትስቅ ትቆይና መጨረሻው ላይ፣ ያሳቁህ ሰዎች ከምሽጉ ወጥተው ወደ መትረየሱ ይሮጣሉ። ሳቁ ቀጥ ይላል፤ ምስሉ ቀስ እያለ ወደ ቀይ አበባ መስክ ይለወጣል። ያን ድራማ የሠሩት ሰዎች ሳቅ የት ላይ መቆም እንዳለበት ያውቁ ነበር።

አሁን ወደ እኛ ቤት ልመለስ።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር የጎረቤታችን ልጅ ነበር። ግድግዳ ባንጋራም አጥር እንጋራለን። እናቴ ከልጅነቱ ጀምሮ ሱቅ ትልከው፣ በዓል ሲሆን ድፎ ትቆርስለት የነበረ ልጅ ነው። አብዮቱ ሲመጣ ሽጉጥ ታጠቀ። «አንተ» ትለው የነበረች እናቴ «እርስዎ» አለችው። እሱ ግን «እትዬ» ማለቱን አልተወም። እሑድ እሑድ የቡናው ሽታ አጥሩን ሲሻገር ሳያንኳኳ ይገባል፤ ሽጉጡን ፈትቶ ረከቦቱ አጠገብ ያስቀምጥና እስከ በረካው ይቀመጣል።

በኅዳር 1970 ዓ.ም. ታላቅ ወንድሜን ሌሊት መጥተው ወሰዱት። ተማሪ ነበር፤ ዕድሜው 19። በሦስተኛው ቀን መሞቱን ሰማን። አስከሬን አልተሰጠንም፤ ማልቀስም አልተፈቀደልንም። በዚያ ዘመን «የአብዮት ጠላት» ለተባለ ሰው ድንኳን አይጣልም፤ ነጠላ አይዘቀዘቅም፤ ደረት አይደቃም። የእናቴ ወንድም፣ አጎታችን፣ በጨለማ በጓሮ በር ገባ። መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረድንና በኩራዝ ብርሃን ዝም ብለን ተቀመጥን። እናቴ ከሦስት ቀን ጀምሮ ድምፅ አልወጣትም። አይኗ ደርቆ ግድግዳ ግድግዳውን ታያለች።

አጎቴ ሰው አስመስሎ በመናገር የታወቀ ነበር። ምን እንደ ገፋፋው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ድንገት ብድግ ብሎ ሊቀመንበሩን ሆነ። አንገቱን ሰበር፣ ደረቱን ነፋ አደረገ። በአንድ የቀበሌ ስብሰባ ላይ የሆነውን ነበር በሹክሹክታ የሚያሳየን። ሊቀመንበሩ ንባብ ብዙም አይሆንለትም። ከበላይ የመጣ ጽሑፍ እየተደናቀፈ ሲያነብ ከገጹ ግርጌ ደረሰና፣ ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ እያነሣ፣ «ወደ ገጽ ሁለት ይዞራል!» ብሎ ጮኸ። ሕዝቡ መፈክር መስሎት እጁን አንሥቶ፣ «ይዞራል!» ሲል አስተጋባ።

አጎቴ ያንን በለሆሳስ፣ እጁን ጨብጦ፣ «ይዞራል!» ሲል እናቴ ነጠላዋን ነከሰች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ሳቀች። ከሦስት ቀን በኋላ ከእናቴ አፍ የወጣ የመጀመሪያው ድምፅ ሳቅ ነበር። ሳቁም ወዲያው ወደ ልቅሶ ዞረ። አጎቴ ይኸን ሲያይ ማስመሰሉን ቀጠለ፤ እኛም ከት ከት ብለን ሳቅን። እናቴ በሳቃችን ተሸፍና ልጇን አለቀሰች። በአጥሩ ሥር ያለፈ የጥበቃ ጓድ ቢኖር ኖሮ የሚሰማው የሳቅ ድምፅ ነው።

ያ ሳቅ ለእኛ ምን እንደ ነበር ሳስብ፣ ቀልድ ማለት አይሆንልኝም። የሐዘን ድንኳናችን እሱ ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ዘመኑ አልፎ ሰው እንደ ልቡ ማውራት ሲጀምር፣ በአንድ የወዳጄ ግብዣ ላይ የአጎቴን ትርኢት እኔ አሳየሁት። መጠጡም ጨዋታውም ሞቅ ብሎ ነበር። «ወደ ገጽ ሁለት ይዞራል!» ስል ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም ደስ አለኝ፤ ደገምሁት። ከማዕዘኑ አንዲት ሴት ተነሥታ ወጣች። ተከትያት ወጥቼ በረንዳው ላይ አገኘኋት። አልተቆጣችም። «እኔ እንዲህ ያለውን ስብሰባ የማውቀው፣ አባቴን ከመሐል አስነሥተው ሲወስዱት ነው» አለችኝና ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች።

ምን እንደምመልስላት አጣሁ። «የእኔም ወንድም እኮ…» ልላት አሰብሁና አፈርሁ። ቃሉ ያው አጎቴ የተናገረው ነው፤ አንዲት ፊደል አልለወጥሁም። ነገር ግን በእናቴ ቤት ያ ቀልድ ሲነገር ፍርሃቱ አብሮን ተቀምጦ ነበር፤ መስኮቱ ተጋርዷል፤ ሟቹ በስም ይታወቃል። ግብዣው ላይ ፍርሃቱንም ሟቹንም ደጅ አስቀርቼ ሊቀመንበሩን ብቻ ይዤ ገባሁ። ብቻውን ሲቀርብ የሚያስቅ ሞኝ ሆነ። ሞኝ ደግሞ ያሳዝናል እንጂ አያስጠይቅም።

ስለዚህ በዚያ ድራማ ላይ የታየኝ ጥፋት ሂትለርን ከጎረቤት ማስቀመጡ አይደለም። ነፍሰ ገዳይ ጎረቤት ይሆናል፤ እኛ እናውቀዋለን። ቡና ይጠጣል፤ «እትዬ» ይላል። ጥፋቱ ጎልደንስታይኖች አለመፍራታቸው ነው። በ1938 በርሊን ውስጥ ያለ አይሁዳዊ የሂትለርን በር ሳያንኳኳ ሲከፍት ማየት ያስቃል፤ ግን ያ ሳቅ ውሸት ነው። በዚያው ዓመት፣ በኖቬምበር 9 ሌሊት፣ በመላው ጀርመን የአይሁድ ምኩራቦች ተቃጠሉ፤ ሱቆቻቸው ተሰባበሩ፤ ወደ 30,000 የሚሆኑ ወንዶች ተለቅመው ወደ ማጎሪያ ካምፕ ተጋዙ። የማን በር በማን እንደሚከፈት ያኔ ታየ።

የደራሲው ዋና ሐሳብ ግን የቼምበርሌን ነገር ነበር ካልን፣ እሱስ እኛን ይመለከተናል። ያ ሰው ለእኛ እንግዳ አይደለም። ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቭ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አቤት ባሉበት በጁን 1936፣ ቼምበርሌን የእንግሊዝ የገንዘብ ሚኒስትር ነበር። አቤቱታው ከመሰማቱ ከሳምንታት በፊት፣ በኢጣሊያ ላይ የተጣለውን ማዕቀብ መቀጠል ጭልጥ ያለ እብደት ነው ብሎ በአደባባይ ተናገረ። ማዕቀቡም በጁላይ ተነሣ። በ1937 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ፣ ማለትም በእኛ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ የግራዚያኒ ወታደሮች አዲስ አበባን በደም አጥበዋት ነበር። በኤፕሪል 1938 ግን የእሱ መንግሥት ከሙሶሊኒ ጋር ስምምነት ፈረመ። በሴፕቴምበር ሦስት ጊዜ ወደ ጀርመን በረረ፤ በሴፕቴምበር 30 ከሙኒክ ተመልሶ ያቺን ወረቀት አውለበለበ። ድራማው የታየው ልክ በ52ኛ ዓመቱ ነው። በኖቬምበር 16 ደግሞ የኢጣሊያው ስምምነት ሥራ ላይ ዋለና እንግሊዝ ኢትዮጵያ የኢጣሊያ መሆኗን በሕግ አወቀች። የጀርመን ምኩራቦች ከተቃጠሉ ገና አንድ ሳምንት አልሞላም። ንጉሠ ነገሥቱ ያን ጊዜ እዚያው እንግሊዝ አገር፣ ባዝ ከተማ፣ በስደት ተቀምጠው ነበር።

እንግዲህ ከሂትለር ሳሎን ይልቅ ስላቅ የሚገባው ይሄ ነበር። እንግዳው ጨዋ ነው፤ ጃንጥላውን ይዞ ይመጣል፤ የሰው አገር ከምግቡ ጋር ሲቀርብለት «ይበቃኛል» አይልም። ከጓዳ ጩኸት ሲሰማ ስለ አየሩ ጠባይ ያወራል። ድራማው እዚያ ላይ ቢበረታ ኖሮ ያስቆጣ ነበር፤ የሚቆጣው ሰው ግን ሌላ ይሆን ነበር። አንዲቷ የታየችው ክፍል ግን ጎረቤት በማስከር ግርግር አለቀች።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ልጅ ነገርሁት። የወንድሜን መሞት ያውቃል፤ ስሙም የወጣለት ከእሱ ነው። ያላወቀው አንድ ነገር ነበር። ወንድሜ በሞተ በመጀመሪያው እሑድ ሊቀመንበሩ እንደ ልማዱ ሳያንኳኳ ገባ። «እትዬ፣ ዛሬ ቡና የለም እንዴ?» አለ። እናቴ ከተቀመጠችበት ተነሣች፤ ከሰል አያያዘች፤ ቆላች፤ ወቀጠች፤ አፈላች። አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን ቀዳችለት። እጇ አልተንቀጠቀጠም። ሽጉጡ ረከቦቱ አጠገብ ነበር። ሲጨርስ መርቆ ወጣ።

ልጁ ስልኩን አጠፋና ቀና ብሎ አየኝ። «ለምን ሰጠችው?» አለ። «ልጇን የገደለ ሰው ነው እኮ። እሷስ ከቼምበርሌን በምን ተለየች?»

ጥያቄው ልቤን ወጋኝ፤ ግን ያ ድራማ ሊጠይቀው ሲገባ ያልጠየቀው ጥያቄ ስለ ሆነ ደስም አለኝ።

«ከጀበናው በስተቀኝ እኔ ተቀምጬ ነበር» አልሁት፤ «የ11 ዓመት ልጅ። በስተግራ ደግሞ እናትህ፤ 14 ዓመቷ ነበር። ቼምበርሌን የሚያዝዘው የጦር መርከብ ነበረው፤ የሰጠውም የሰው ልጅ፣ የሰው አገር ነው። አያትህ ያላት ጀበና ብቻ ነው። የሰጠችው ቡና ነው፤ የገዛችበት ሁለት ልጆች ነው። ከሁለቱ አንዷ አንተን ወለደች።»

ዝም አለ። ተነሥቼ ከቁም ሣጥኑ የላይኛ መደርደሪያ አንዲት ጠርዟ የተሸረፈ ሲኒ አወረድሁለት። እናቴ ያን እሑድ ሊቀመንበሩ የጠጣበትን ሲኒ ለብቻው አጥባ ለብቻው አስቀመጠችው። ከዚያ ወዲያ በመጣ ቁጥር በእሱ ብቻ ነው የቀዳችለት፤ ከቤተሰብም ከእንግዳም ሌላ ሰው አልጠጣበትም። ሊቀመንበሩ ነገሩን ልብ ብሎ፣ «እትዬ የራሴን ሲኒ ሰጡኝ» እያለ ይኮራበት ነበር። አጎቴ ይህን በሰማ ጊዜ ከቤት ወጥቶ ጓሮ ለጓሮ እየሳቀ ዞረ። እናቴ እስክትሞት ድረስ ስለ ሲኒዋ አንድም ቀን አልተናገረችም።

ልጁ ሲኒዋን እያገላበጠ አያት። «የራሴን ሲኒ ሰጡኝ» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ሳቀ። ስልኩን እያየ የሳቀው ዓይነት ሳቅ አልነበረም። እኔም ሳቅሁ። ሁለታችንም አይናችንን ጠረግን።

ሲኒዋን አጥቤ ወደ መደርደሪያው መለስኋት። ከሌሎቹ ጋር ግን አልቀላቀልኋትም።